አዲስ የተጫነ የኮምፕዩተር ሥርዓት በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ሊደረግለት ስለሚገባው ዝግጅት

ገበሬ ወይፈን ገዝቶ ከገበያ ቢመለስ በማግስቱ ሰፊ መሬት ሊያርስበት አይነሣም። መጀመሪያ ከለመደ በሬ ጋራ ያጣምረዋል፤ ቀንበር ያስለምደዋል፤ ቀኝና ግራውን ያስተምረዋል። ይህን ድካም የሸሸ ገበሬ ወይፈን አለው እንጂ በሬ የለውም። አዲስ ሥርዓት የተጫነበት ኮምፕዩተርም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ስክሪኑ በርቶ ሥዕሉ ሲታይ ሥራው ሁሉ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ያ መኪና የሕዝብ መዝገብ የሚታመንበት መኪና የሚሆነው ከተጫነ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች በሚደረግለት ዝግጅት ነው።

ይህን ነገር የዞንና የወረዳ ሹማምንት፥ እንዲሁም ሰፊ እርሻ ይዘው ሒሳባቸውን በኮምፕዩተር የሚያስጽፉ ባለ ይዞታዎች በብርቱ ሊያስቡበት ይገባል። በወረዳ የእርሻና የመሬት ጽሕፈት ቤት ኮምፕዩተር ላይ የሚጻፈው ነገር ተራ ጽሑፍ አይደለም። የማን መሬት ከማን መሬት ጋራ እንደሚዋሰን፥ ለማን ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደ ተሰጠ፥ ማን ምን ያህል ዕዳ እንደ ከፈለ የሚታወቀው በዚያ ነው። የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ በ1990 ዓ.ም. ገደማ በትግራይ ሲጀመር፥ ከዚያም ወደ አማራ፣ ወደ ኦሮሚያና ወደ ደቡብ ሲስፋፋ መዝገቡ በእጅ የሚጻፍ ደብተር ነበረ። ደብተር ቢቃጠል ወይም ምስጥ ቢበላው ጥፋቱ በዓይን ይታያል። የኮምፕዩተር መዝገብ ግን ሲጠፋ ጭስ የለውም፤ መጥፋቱ የሚታወቀው ባለ መብቱ ለክርክር በሚመጣበት ቀን ነው።

ነገሩ ዛሬ ስለ ምን ተነሣ

ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዊንዶውስ 10 ለተባለው ሥርዓቱ መደበኛውን የጥበቃ ማሻሻያ መስጠት ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፥ ይኸውም በፈረንጅ አቆጣጠር ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ ፒ ኤም 2.0 የሚባል የጥበቃ መሣሪያና በዝርዝር የተወሰኑ አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን ስለሚጠይቅ፥ ቀደም ብለው የተሠሩ ብዙ ኮምፕዩተሮች በደንቡ መሠረት ሊቀበሉት አይችሉም። እነዚህ መኪናዎች አልተሰበሩም፤ ለመጻፍና ለማስላት ያላቸው ጉልበትም አልጎደለም። የጎደላቸው አዲስ ለሚገለጠው ቀዳዳ ሁሉ መድፈኛ የሚልክላቸው ጠባቂ ነው።

እንዲህ ያለውን መኪና ጥሎ አዲስ መግዛት ለብዙ ወረዳ ከበጀቱ በላይ ነው። ያለ ጠባቂ ትቶ መሥራትም ጎተራን ሳይዘጉ እንደ ማደር ነው። ሦስተኛው መንገድ ምንጩ ክፍት የሆነ ሥርዓት መጫን ነው።

ምንጩ ክፍት ማለት ምንድር ነው

የኮምፕዩተር ሥርዓት፥ ማለትም ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው፥ በመኪናው አካልና በጸሐፊው ሥራ መካከል ቆሞ ዲስኩን፣ ስክሪኑን፣ ፕሪንተሩንና ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያዝ ዋና ፕሮግራም ነው። ምንጩ ክፍት ነው የሚባለውም አሠራሩ የተጻፈበት ቃል ለማንም ግልጽ ሲሆንና ማንም ሰው እንዲሠራበት፥ እንዲመረምረው፥ እንዲያሻሽለውና ገልብጦ ለሌላ እንዲሰጠው ሲፈቀድ ነው።

የዚህ ሥራ ታሪክ አጭር ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ ግኑ የተባለውን ነጻ ሥርዓት ለመሥራት ማሰቡን አስታወቀ። በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ሳለ የሥርዓቱን እምብርት ሠርቶ ሊኑክስ የተባለው ተወለደ። በእነዚህ ላይ በ1993 ዴቢያን፥ በ2004 በደቡብ አፍሪካዊው በማርክ ሻትልወርዝ አማካይነት ኡቡንቱ፥ በ2006 ደግሞ በክሌማን ለፌቭር መሪነት ሊኑክስ ሚንት ተመሠረቱ። በየአገሩ ያሉ ብዙ ሰዎች ጥቂት ጥቂቱን እየጨመሩ ያቆሙት ሥራ ስለ ሆነ፥ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በዚህ ተፈጽሟል።

ነገር ግን ያለ ዋጋ መገኘቱ ያለ ኃላፊነት መገኘቱ አይደለም። በገንዘብ የተገዛ ዕቃ ሲበላሽ ሻጩ ይጠየቃል፤ በነጻ የተገኘ ሥርዓት በደንብ ሳይዘጋጅ ቀርቶ መዝገብ ቢጠፋ የሚጠየቀው ግን የጽሕፈት ቤቱ ሹም ነው። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ የሚዘረዘረው ለባለሙያው ብቻ የተተወ ሥራ አይደለም። ሹሙ በእጁ ባይሠራውም መሠራቱን ሊጠይቅ ይገባዋል።

ለምሳሌ የተመረጠው ሊኑክስ ሚንት 22 ነው። ይህ ትውልድ በፈረንጅ አቆጣጠር በጁላይ 2024 የወጣ ሲሆን የጥበቃ ማሻሻያው እስከ 2029 እንደሚቀጥል ሠሪዎቹ አስታውቀዋል። ለመኪናው የሚጠይቀው ትንሹ ማስታወሻ፥ ይኸውም ራም የሚባለው፥ 2 ጊጋባይት ነው፤ ለምቾት ግን 4 ጊጋባይት ይመከራል። ከዲስኩም 20 ጊጋባይት ቦታ ቢያገኝ ይተከላል፤ ይልቁንም 100 ጊጋባይት ቢሰጠው የተሻለ ነው።

የሰዎች ስምና የይለፍ ቃል

ሥርዓቱ በሚጫንበት ጊዜ የተመዘገበው የመጀመሪያ ሰው በመኪናው ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ነው። ፕሮግራም የሚያስገባ፥ የሚያወጣ፥ የሌሎችንም ፋይል ሊከፍት የሚችል እርሱ ነው። በብዙ ቦታ የሚታየው ስሕተት በዚህ በአንድ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል ጸሐፊው፣ ሒሳብ ሹሙ፣ ለልምምድ የመጣው ተማሪም ሁሉ መሥራታቸው ነው። እንዲህ ከሆነ አንድ መስመር ከመዝገብ ሲሰረዝ ማን እንደ ሰረዘው ለማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ በመጀመሪያ ተጠቃሚዎችና ቡድኖች ከሚለው ክፍል ገብቶ ለያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ስም ማውጣት ይገባል። ለዕለት ሥራ የሚወጣው ስም ተራ ሥልጣን ያለው እንዲሆን፥ የበላይ ሥልጣን ያለው ስም ደግሞ ለጥገና ብቻ እንዲያገለግል ያስፈልጋል። የበላይነቱ የይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ፥ በፖስታ ታሽጎ፥ ማኅተም ተደርጎበት በጽሕፈት ቤቱ ካዝና ይቀመጥ። ባለሙያው ቢታመም ወይም ወደ ሌላ ወረዳ ቢዛወር መኪናው ከነመዝገቡ ተዘግቶ እንዳይቀር የሚያደርገው ይህ ፖስታ ነው። ሠራተኛ ከሥራ ሲለይም ስሙ በዚያው ቀን ሊዘጋ ይገባል።

ማሻሻያውን መቀበል

ሁለተኛው ሥራ ማሻሻያ ነው። ሥርዓቱ ከተዘጋጀበት ቀን አንሥቶ እስከ ተጫነበት ቀን ድረስ በመካከል የተገለጡ ጉድለቶች ብዙዎች ናቸው፤ መድፈኛቸውም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። በሊኑክስ ሚንት ከስክሪኑ ግርጌ የጋሻ ምልክት አለ፤ እርሱን ሲጫኑ የማሻሻያው አስተዳዳሪ ይከፈታል። የመጀመሪያው ማሻሻያ ከባድ ስለ ሆነ ኢንተርኔት በማይጨናነቅበት ሰዓት፥ መብራት በማይቋረጥበት ቀን ቢደረግ ይመረጣል። በማሻሻያ መካከል መብራት ቢጠፋ ሥርዓቱ ግማሹ አሮጌ፥ ግማሹ አዲስ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ከዚህ በኋላ ማሻሻያው በራሱ እንዲሠራ ማዘዝ ይቻላል። ኢንተርኔት በሚያስቸግርበት ወረዳ ግን በየሳምንቱ አንድ የተወሰነ ቀን መድቦ በባለሙያው እጅ ማስደረግ ይሻላል። ባለ አደራው ማን እንደ ሆነ፥ ቀኑም መቼ እንደ ሆነ በጽሑፍ ይታወቅ።

ከዚሁ ጋራ ፕሪንተሩ፣ ስካነሩና የድምፁ መሣሪያ በየተራ ይፈተኑ። ብዙዎቹ ገና እንደ ተሰኩ ይታወቃሉ፤ ያልታወቀ ቢገኝ የድራይቨር አስተዳዳሪ የተባለው ክፍል ይታይ። ባለ ጉዳይ ተሰልፎ ሳለ ፕሪንተሩ እንቢ ማለቱን ከማወቅ ሰው በሌለበት ቀን ማወቅ ይሻላል።

ስለ ፊደል

የአማርኛ ፊደል በዓለም ሁሉ ኮምፕዩተሮች ዘንድ አንድ ወጥ ቁጥር ያገኘው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ 3.0 በወጣ ጊዜ ነው። ስለዚህ አዲሱ ሥርዓት አማርኛን ለማንበብ አይቸገርም። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል የተባሉት የፊደል ቅርጾችም ያለ ዋጋ ይገኛሉ።

ለመጻፍ አይባስ የተባለውንና ኤም 17 ኤን የተባለውን አብሮት የሚሠራ ፕሮግራም መጨመር፥ ከዝርዝሩም ውስጥ አማርኛ ሴራ የሚለውን መምረጥ ይገባል። በዚህ አጻጻፍ ድምፁ በላቲን ቁልፍ ይመታል። ኤል ብቻውን ሲመታ ል ይሆናል፤ ዩ ቢከተለው ሉ፥ አይ ቢከተለው ሊ፥ ኦ ቢከተለው ሎ ይሆናል። ከዚህ በፊት በድምፅ መጻፍ የለመደ ጸሐፊ በጥቂት ቀን ይቀናዋል። የሜኑዎቹን ቃል ወደ አማርኛ መለወጥም ይቻላል፤ ትርጉሙ ግን ያልተሟላ ስለ ሆነ ከፊሉ በእንግሊዝኛ ይቀራል።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች በጥንቃቄ ሊታዩ ይገባል። አንደኛው፥ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉ አሮጌ ፋይሎች በአዲሱ ሥርዓት ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆነው መታየታቸው ነው። ፋይሉ አልጠፋም፤ ነገር ግን በውስጡ የተቀመጠው የእውነት የአማርኛ ፊደል ሳይሆን በላቲን ቁጥር ላይ የተሣለ ቅርጽ ስለ ነበረ ነው። እንዲህ ያለው ፋይል አሮጌው መኪና ገና በእጅ ሳለ ወደ ዩኒኮድ ሊለወጥ፥ ካልተቻለም ታትሞ በወረቀት ሊቀመጥ ይገባል።

ሁለተኛው ከዚህ ይበልጥ የሰው መብት የሚነካ ነው። ሀ፣ ሐና ኀ፥ ሰና ሠ፥ አና ዐ፥ ጸና ፀ ለአንባቢ ጆሮ አንድ ቢሆኑም ለኮምፕዩተር የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ዓለሙ ተብሎ የተመዘገበ ገበሬ በአለሙ ቢፈለግ መኪናው የለም ብሎ ይመልሳል፤ ኃይሉም በሀይሉ ቢፈለግ እንዲሁ ነው። ጸሐፊው ይህን ሳያውቅ ባለ ይዞታውን ስምህ በመዝገብ አልተገኘም ብሎ ሊያሰናብተው ይችላል። ስለዚህ የስም አጻጻፍ ደንብ አስቀድሞ ይወሰን፤ ከዚያም በላይ ለያንዳንዱ ባለ ይዞታ የማይለወጥ ቁጥር ይሰጠው፤ ፍለጋውም በቁጥሩ ይሁን።

ስለ ቀንና ስለ ሰዓት

ሰዓቱ አዲስ አበባ በሚለው ክልል ይስተካከል። ኮምፕዩተሩ ቀኑን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ስለ ሆነ ከጧቱ 1 ሰዓት በእርሱ ዘንድ 7 ሰዓት ነው። በአንዱ መኪና ላይ ዊንዶውስም አብሮ ቀርቶ እንደ ሆነ ሰዓቱ 3 ሰዓት ሲዛባ ይታያል። ይኸውም ዊንዶውስ የመኪናውን ውስጣዊ ሰዓት በአገሩ ሰዓት ሲይዘው ሊኑክስ ግን በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚይዘው ነው። ሁለቱ በአንድ አያያዝ እንዲስማሙ ባለሙያው ማስተካከል ይችላል።

የቀን ነገር ከሰዓቱ ይልቅ ይከብዳል። ሥርዓቱ በራሱ የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሊብሬኦፊስ በሚባለው አብሮ በሚመጣው የሒሳብ ሰንጠረዥ ውስጥ ጸሐፊው ጥቅምት 4 ቀን 2018ን በቁጥር 2018-02-04 ብሎ ቢጽፍ፥ ሰንጠረዡ በፈረንጆች ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2018 ነው ብሎ ይቀበለዋል። ጥቅምት 30ን 2018-02-30 ብሎ ቢጽፍ ግን ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው እንደ ቀን አይቆጥረውም፤ ጳጉሜንንም 13 ወር ስለማያውቅ እንዲሁ ይተወዋል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ከፊሉ ቀን፥ ከፊሉ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጣል፤ በተራ ሲደረደርም ይዘበራረቃል፤ የብድር መክፈያ ቀን ሲሰላም ይሳሳታል። ይህን ለማስቀረት የኢትዮጵያ ቀን የሚጻፍበት ዓምድ ገና ከመጀመሪያው ጽሑፍ ተብሎ ይታዘዝ፤ አጻጻፉም ዓመተ ምሕረቱን፣ ወሩንና ቀኑን ሁልጊዜ በዚሁ ቅደም ተከተል ያስቀምጥ። የፈረንጅ ቀን ቢያስፈልግ በሌላ ዓምድ ይጻፍ፤ ሁለቱ በአንድ ዓምድ አይደባለቁ።

ሥርዓትን መጠበቅና መዝገብን መጠበቅ

ከዝግጅቱ ሁሉ ዋናው ይህ ነው፤ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው በዚህ ነው።

ከሊኑክስ ሚንት ጋራ ታይምሺፍት የሚባል ፕሮግራም ይመጣል። ሥራውም የሥርዓቱን መልክ በተወሰነ ጊዜ ገልብጦ ማስቀመጥ ነው። ማሻሻያ ቢያበላሸው፥ ወይም ባለሙያ ተሳስቶ አንድ ነገር ቢነቅል፥ መኪናው ወደ ትናንቱ መልኩ ይመለሳል። በየቀኑ፣ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እንዲገለብጥና ስንቱን ግልባጭ እንዲይዝ ማዘዝ ይቻላል። ከመጀመሪያው ማሻሻያ በፊት አንድ፥ ዝግጅቱም ሁሉ ሲያልቅ ሌላ አንድ ግልባጭ ቢደረግ ተገቢ ነው።

ነገር ግን ታይምሺፍት ካልታዘዘ በቀር የሠራተኞቹን ፎልደሮች አይገለብጥም። የሚጠብቀው ቤቱን እንጂ በቤቱ ያለውን እህል አይደለም። ይህም የሠሪዎቹ ጉድለት አይደለም፤ ሥርዓቱ ወደ ኋላ ሲመለስ የትናንት ደብዳቤና የዛሬ ሒሳብ አብሮ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይጠፋ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ይህን ያልተረዳ ሹም ግን ታይምሺፍት በየቀኑ እየሠራ ነው የሚል ወሬ ሰምቶ መዝገቡ እየተጠበቀ ነው ብሎ ያምናል። ዲስኩ በተበላሸ ቀን ሥርዓቱ ከኢንተርኔት እንደገና ወርዶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጫናል፤ ሊኑክስ ሚንት በዓለም ላይ ሞልቷልና። የወረዳው የመሬት መዝገብ ግን በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የለም።

ስለዚህ ሁለቱ ጥበቃዎች ተለይተው ይታወቁ። ለመዝገቡ የሚያገለግለው ከሥርዓቱ ጋራ የሚመጣው የግልባጭ መሣሪያ የተባለው ፕሮግራም፥ ወይም ፎልደሩን በቀጥታ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነው። ደንቡም በሙያው ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ከመዝገቡ 3 ቅጂ ይኑር፤ በ2 ልዩ ልዩ ዕቃ ላይ ይቀመጥ፤ 1 ደግሞ ከሕንፃው ውጭ ይሁን። ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ይህ ማለት አንዱ በኮምፕዩተሩ፥ ሁለተኛው በካዝና ውስጥ ባለ የውጭ ዲስክ፥ ሦስተኛው ለዞኑ ጽሕፈት ቤት በአደራ የተሰጠ ነው። የውጭው ዲስክ ግልባጩ ካለቀ በኋላ ይነቀል፤ ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ዲስክ መብረቅም ሆነ ሌባ ከኮምፕዩተሩ ጋራ አንድ ላይ ይወስደዋል።

ግልባጭ መኖሩም ብቻውን አይበቃም። በየሦስት ወሩ አንድ ቀን ከግልባጩ ጥቂት ፋይል ወደ ሌላ መኪና ተመልሶ ይከፈት፤ ስሙና ቁጥሩም ከዋናው መዝገብ ጋራ ይመሳከር። ተሞክሮ ያልታየ ግልባጭ ውስጡ ሳይታይ የታሸገ ጎታ ነው፤ እህል ይሁን ነቀዝ የሚታወቀው በችግር ቀን ይሆናል።

የመዝገቡን ምስጢርነትም ማሰብ ያስፈልጋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን ስም፣ ስልክና ንብረት የያዘ መዝገብ በጥንቃቄ መያዝ የሕግ ግዴታ ሆኗል። ስለዚህ በውጭ ዲስክ ላይ ያለው ግልባጭ በይለፍ ቃል የሚከፈት ምስጢራዊ ጽሕፈት ይደረግበት። ይህን ማድረግ በሥርዓቱ ውስጥ ባለው የዲስኮች መሣሪያ ይቻላል፤ ዲስኩ ባዶ ሳለ ግን ይደረግ፤ ሥራው በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋልና። የዚህም የይለፍ ቃል በታሸገው ፖስታ ይጨመር፤ ካልሆነ ግልባጩ ለሌባ እንደ ተዘጋ ለባለቤቱም ይዘጋል።

ስለ መረብ፥ ስለ ፍላሽና ስለ መብራት

ፋየርዎል የተባለው ዘበኛ በሊኑክስ ሚንት ውስጥ አለ፤ ነገር ግን በመጀመሪያ ተዘግቶ ስለሚመጣ አንድ ጊዜ ማብራት ያስፈልጋል። ከውጭ የሚመጣውን እንዲከለክል፥ ከውስጥ የሚወጣውን እንዲፈቅድ ማዘዝ ለተራ ጽሕፈት ቤት ይበቃል።

ለዊንዶውስ የተሠራ የፍላሽ ቫይረስ በሊኑክስ ላይ እንዲያው በቀጥታ አይሠራም። ስለዚህ ግን መዘናጋት አይገባም፤ ፍላሹ በዚህ መኪና ምንም ሳያደርግ አልፎ የጎረቤቱን ቢሮ ሊያበላሽ ይችላል። ደግሞም ወደ ፍላሽ የተገለበጠ ፋይል ያለቀ መስሎ ሳለ ገና በማስታወሻ ውስጥ ቆይቶ ይሆናል። አስወጣ የሚለው ትእዛዝ ሳይሰጥና ሥርዓቱ ፈቃድ ሳይሰጥ ፍላሽ የነቀለ ጸሐፊ ባዶ ወይም የተቆረጠ ፋይል ይዞ ወደ ዞን ይሄዳል።

መብራት ድንገት በሚጠፋበት አገር ዩ ፒ ኤስ የሚባለው የባትሪ ሳጥን ትርፍ ዕቃ አይደለም። የሊኑክስ የፋይል አያያዝ ከድንገተኛ መጥፋት በኋላ ራሱን ለመጠገን የተዘጋጀ ነው፤ ሆኖም ያልተቀመጠ ጽሑፍ አይመለስም። ሊብሬኦፊስ በየ5 ደቂቃው ራሱ እንዲያስቀምጥ ቢታዘዝ ጉዳቱ ይቀንሳል።

ከመለወጥ በፊት ስለሚጠየቀው

ይህ ሁሉ ሲባል ማናቸውም መኪና ዛሬውኑ ይለወጥ ማለት አይደለም። ከበላይ መሥሪያ ቤት ተልኮ ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ ፕሮግራም ያለበት መኪና አስቀድሞ ይጠየቅለት፤ በማክሮ የተሞላ የኤክሴል ሰንጠረዥም በሊብሬኦፊስ ሳይፈተን አይታመን። መልካሙ መንገድ በአንድ ጽሕፈት ቤት አንድ መኪና አዘጋጅቶ፥ አንድ ወር ሙሉ ትክክለኛውን ሥራ ሠርቶበት፥ የታየውን ችግር ጽፎ፥ ከዚያ በኋላ ወደ ሌሎቹ መሄድ ነው። ሊኑክስ ሚንት ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ተነሥቶ መሞከር ስለሚችል ለዚህ ይመቻል።

የተዘጋጀው መኪና ለሠራተኛው ሲሰጥ አንድ ወረቀት አብሮ ይሰጠው። በወረቀቱም የሥርዓቱ ስምና ቁጥር፥ የተጫነበት ቀን፥ የሠራተኞቹ ስም፥ የማሻሻያው ቀን፥ የመዝገቡ ፎልደር ቦታ፥ ግልባጩ በማን እጅ እንዳለና መጨረሻ የተፈተነበት ቀን ይጻፍ። ሹሙ ይፈርምበት፤ ባለሙያውም ይፈርምበት፤ በየሦስት ወሩም ይታደስ።

ለሹም የሚቀርበው ጥያቄ እንግዲህ አጭር ነው። ዛሬ ማታ ይህ ኮምፕዩተር ቢሰረቅ ነገ ጧት የወረዳው መዝገብ ከየት ይነሣል? ባለሙያው ለዚህ ጥያቄ ዲስኩን ከካዝና አውጥቶ፥ በሌላ መኪና ከፍቶ፥ የአንድ ገበሬ ይዞታ በቁጥሩ ፈልጎ ካሳየ ዝግጅቱ ተፈጽሟል። ይህን ማሳየት ካልቻለ ስክሪኑ ምንም ያህል ቢያምር ሥርዓቱ ተጫነ እንጂ ገና አልተዘጋጀም፤ መኪናውም ለሕዝብ መዝገብ አይሰጥ።